የሪግሬሽን ሰንጠረዥ እንዴት ይነበባል፦ ፒ-ቫሊዩ የየትኛው ጥያቄ መልስ ነው?

ቴሲስ የሚሠራ ሰው ሪግሬሽኑን (አንድ ነገር ከሌሎች ነገሮች ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚገምተውን ስሌት) አሂዶ ውጤቱ ስክሪን ላይ ሲወጣ ዓይኑ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ መጨረሻው ዓምድ ነው። ኤስፒኤስኤስ ላይ «ሲግ» ወደሚለው፣ ስታታ ላይ ፒ ወደሚለው፣ አር ላይ ደግሞ ኮከቦቹ ወደተደረደሩበት (ሦስቱም የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ናቸው፤ ኮከብ ፒ-ቫሊዩ ትንሽ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነው)። ከ0.05 በታች ከሆነ እፎይ ይባላል። ከበለጠ ፊት ይጠቁራል፤ ቫሪያብል (ሞዴሉ ውስጥ የሚገባ የተለካ ነገር) ይቀነሳል፣ ይጨመራል፣ እንደገና ይሞከራል፣ ኮከብ እስኪመጣ ድረስ። ይሄ ልማድ በጣም ያሳስበኛል። ተማሪው ስለሰነፈ አይደለም እንዲህ የሚያደርገው። ያ ቁጥር የየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያስረዳው ሰው ስለሌለ ነው።

እዚህ የምጠቀመው አር ውስጥ አብረው የሚመጡ ሁለት ትንንሽ ዳታዎችን ነው። ማንም ከፍቶ እያንዳንዱን ቁጥር ራሱ ማረጋገጥ ይችላል። እንዲያውም አሁኑኑ ከፍታችሁ አብራችሁኝ ብትሠሩ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ጥያቄውን በአማርኛ ጻፉት

የመጀመሪያው ዳታ «ካርስ» ይባላል። በ1920ዎቹ የተመዘገበ ነው፤ 50 ልኬት አለው። እያንዳንዱ መስመር ሁለት ነገር ይይዛል፦ መኪናው በሰዓት ስንት ማይል ይሄድ እንደነበርና ፍሬን ተይዞ እስኪቆም ስንት ጫማ እንደሄደ። ሞዴላችን ቀላል ነው፦ ርቀት = ሀ + ለ × ፍጥነት። ሲሠራ የሚወጣው ይሄ ነው፦

ኢንተርሴፕት (ሀ፣ ፍጥነት ዜሮ ሲሆን የሚገመተው ርቀት)፦ ግምት −17.58፣ ስታንዳርድ ኤረር 6.76፣ ቲ −2.60፣ ፒ 0.012
ፍጥነት (ለ)፦ ግምት 3.932፣ ስታንዳርድ ኤረር 0.4155፣ ቲ 9.46፣ ፒ ከ0.001 በታች

3.932 ማለት ፍጥነቱ በ1 ማይል በጨመረ ቁጥር መኪናው ለመቆም በአማካይ ወደ 4 ጫማ ተጨማሪ ይፈልጋል ማለት ነው። ይሄ ግን ግምት ነው። እነዚያን 50 ልኬቶች ይዘን ያገኘነው ነው። በሌላ ቀን ሌላ ሰው ሌላ 50 ቢለካ 3.6 ወይም 4.2 ሊያገኝ ይችል ነበር። እውነተኛውን «ለ» አናየውም፤ ፓራሜትር የምንለው እሱን ነው። ቴስት የምናደርገውም ስለ እሱ እንጂ ስለ 3.932 አይደለም። 3.932ማ ዓይናችን ስር ነው፤ ዜሮ አለመሆኑን ለማወቅ ቴስት አያስፈልገውም።

ስታንዳርድ ኤረሩ የሚነግረን ይሄ ግምት ናሙና በተቀያየረ ቁጥር ምን ያህል ወዲያ ወዲህ እንደሚል ነው። ቲ ደግሞ ማካፈል ብቻ ነው፦ 3.932 ሲካፈል ለ0.4155፣ 9.46። በሌላ አነጋገር ግምታችን ከዜሮ ዘጠኝ ተኩል ስታንዳርድ ኤረር ያህል ርቆ ቆሟል። ካልኩሌተር አውጥታችሁ አንድ ጊዜ በእጃችሁ አካፍሉት። አንዴ በእጁ የሠራው ሰው ከዚያ በኋላ ሰንጠረዡን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል።

አሁን ጥያቄውን እንጻፈው። ናል ሃይፖቴሲሱ የሚለው «ፍጥነት ለመቆሚያ ርቀት ምንም አይፈይድም፣ እውነተኛው ለ ዜሮ ነው» ነው። ቴስቱ የሚጠይቀው ደግሞ ይሄን ነው፦ ናሉ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ በአጋጣሚ ብቻ ከዜሮ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ የራቀ ቁጥር የማግኘት ዕድላችን ስንት ነበር? የዚህ ጥያቄ መልስ ነው ፒ-ቫሊዩ።

ዕጣ አውጡበት

ትርጉሙ ጭንቅላት ውስጥ አልገባ ለሚል ሰው የምመክረው ነገር አለ። 50 ብጣሽ ወረቀት ውሰዱ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ የመቆሚያ ርቀት ጻፉ። ጠቅልሏቸውና እንደ እቁብ ዕጣ ዕቃ ውስጥ ከታችሁ በደንብ አማቱት። ከዚያ የፍጥነቶቹን ዝርዝር በተራ ይዛችሁ ለእያንዳንዱ ፍጥነት አንድ ወረቀት አውጡለት። አሁን በእጃችሁ ያለው ዳታ ፍጥነትና ርቀት ፈጽሞ የማይተዋወቁበት ዳታ ነው። ናሉ እውነት የሆነበትን ዓለም በእጃችሁ ሠራችሁት ማለት ነው።

በዚህ በተማታው ዳታ ሪግሬሽን ሥሩና «ለ»ን መዝግቡ። እንደገና አማቱ፣ እንደገና አውጡ። ኮምፒውተሩ ይሄን ሺህ ጊዜ በሰከንድ ይሠራላችኋል። የምታገኟቸው ቁጥሮች በዜሮ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ከ100 ሙከራ ወደ 95 የሚሆነው ከ−1.4 እስከ 1.4 ባለው መሃል ይወድቃል። 3.93 ግን እዚያ ሰፈር የለም። ሺህ ጊዜ ብታወጡም ዝር አይልም። አር የሚሰጠው ፒ ደግሞ ናሉ እውነት ቢሆን እንዲህ ያለ ውጤት ከአንድ ትሪሊዮን ሙከራ አንዴ ወይ ሁለቴ እንደሚመጣ ነው የሚናገረው።

እንግዲህ ፒ-ቫሊዩ ምን እንዳልሆነም እዚህ ላይ ይታያል። «ናሉ እውነት የመሆን ዕድል» አይደለም። ሊሆንም አይችልም፤ ምክንያቱም ስሌቱ የተጀመረው ናሉን እውነት ነው ብለን ተቀብለን ነው። ብዙ ሰው፣ የሚያስተምሩት ሳይቀሩ፣ ይሄን ያዛባሉ። የአሜሪካ ስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ፒ-ቫሊዩ መግለጫ እስከማውጣት የደረሰው እንዲህ ያለው የተሳሳተ አነባበብ በጣም ስለተስፋፋ ነው።

ኮምፒውተሩ ቲን ወደ ፒ የሚቀይርበት ኩርባ የመጣው ከቢራ ፋብሪካ ነው። ደብሊን በሚገኘው የጊነስ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊልያም ጎሴት በትንሽ ናሙና መወሰን ነበረበት። ለዚያ የሚሆነውን ስሌት በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም አሳተመ። ናሙና ሲያንስ ኩርባው ወደ ዳር ይሰፋል፣ ስለዚህ ናሉን ለመጣል (ፒው ከ0.05 በታች ስለሆነ አንቀበለውም ለማለት) ከፍ ያለ ቲ ያስፈልጋል። ዲግሪስ ኦፍ ፍሪደም የሚባለው የኩርባውን ስፋት ይወስናል፦ 50 ልኬት ሲቀነስ የገመትናቸው 2 ፓራሜትሮች፣ 48።

ዜሮ የግድ አይደለም

ሶፍትዌሩ ሁልጊዜ ከዜሮ ጋር ያወዳድራል። እሱ ስለሚቀለው ነው። የእናንተ ጥያቄ ሌላ ሊሆን ይችላል።

እንበልና አንድ ሰው «ለእያንዳንዱ ማይል 4 ጫማ ጨምር» የሚል ደንብ አለኝ ቢል፣ ናሉ «ለ = 4» ይሆናል። ቲ = (3.932 − 4) ÷ 0.4155 = −0.16። ይሄ ምንም ማለት አይደለም፤ ደንቡን ለመጣል ማስረጃ የለንም። ሌላው ተነስቶ «የለም፣ 3.5 ነው» ቢልስ? ቲ 1.04 ይመጣል። እሱንም አንጥለውም። ልብ በሉ፦ 4 እና 3.5 ሁለቱም እውነት ሊሆኑ አይችሉም፣ ሁለቱም ግን ቴስቱን አለፉ። «ናሉን አልጣልነውም» እና «ናሉ እውነት ነው» ለምን እንደሚለያዩ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። ሦስተኛው ሰው 3 ነው ካለ ግን ቲ 2.24 ይሆናል፣ ፒ ወደ 0.03፤ እሱ ይወድቃል።

አሁን የማይጣሉትን ቁጥሮች በሙሉ አንድ ላይ ብንሰበስብ ምን እናገኛለን? ከ3.10 እስከ 4.77። 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫል የሚባለው ይሄው ነው። በ5 በመቶ መስፈርት ዳታው ያልጣላቸው የ«ለ» ቁጥሮች ዝርዝር ማለት ነው። ለዚህ ነው ከፒ ይልቅ ኢንተርቫሉን አስቀድሙ የምለው። ፒ ስለ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚያወራው፣ ኢንተርቫሉ ስለ ሁሉም።

ወደ ኢንተርሴፕቱ እንመለስ፤ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ፒ 0.012፣ ኮከብ አለው። የሚለው ግን ምንድነው? በዜሮ ፍጥነት የቆመ መኪና ለመቆም −17.58 ጫማ ይፈልጋል። ቆሞ ያለ መኪና ወደ ኋላ አይሄድም! ቴስቱ አልተሳሳተም፤ የተጠየቀውን ነው የመለሰው። ችግሩ ያለው ሞዴሉ ላይ ነው። ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚኬደው ርቀት ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ነው የሚያድገው፤ እኛ ግን ቀጥ ያለ መስመር አስገደድነው። በዚያ ላይ ዳታው ውስጥ ዝቅተኛው ፍጥነት 4 ማይል ነው፣ ዜሮ አጠገብ ምንም አልተለካም። ኮከብ ያለው ቁጥር ሁሉ ትርጉም አለው ማለት እንዳልሆነ ይሄ አንድ መስመር ይበቃል።

አንድ ቫሪያብል ሲጨመር ጥያቄው ይቀየራል

ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው፣ ብዙ ቴሲስ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ዳታ «ኤምቲካርስ» ነው። ሞተር ትሬንድ ከተባለው የአሜሪካ መጽሔት የ1974 እትም የተወሰደ፣ 32 መኪና። በአንድ ጋሎን ነዳጅ ስንት ማይል እንደሚሄዱ፣ ክብደታቸው፣ የፈረስ ጉልበታቸው፣ የሞተሩ መጠን (እኛ ሲሲ የምንለው፣ እዚያ በኪዩቢክ ኢንች ነው) እና ሌላም አለው።

ሲሲን ብቻውን አስገቡት። ኮፊሸንቱ (ቅድም «ለ» ያልነው ዓይነት ቁጥር) −0.0412፣ ስታንዳርድ ኤረሩ 0.0047፣ ቲ −8.75። ፒ ለዜሮ በጣም የቀረበ። ትልቅ ሞተር ነዳጅ ይበላል፤ ይሄን ማንም ሾፌር ያውቀዋል። አሁን ክብደትንና የፈረስ ጉልበትን ጨምሩ። የሲሲ ኮፊሸንት −0.0009 ሆነ። ስታንዳርድ ኤረሩ ወደ 0.0104 ከእጥፍ በላይ አደገ። ቲ −0.09፣ ፒ 0.93።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ሲሲ በነዳጅ ፍጆታ ላይ ተጽዕኖ እንደሌለው ተረጋገጠ» ብሎ ይጽፋል። አልተረጋገጠም። የተቀየረው ጥያቄው ነው። በመጀመሪያው ሞዴል የጠየቅነው «ትልቅ ሞተር ያላቸው መኪኖች የበለጠ ይበላሉ ወይ?» ነበር። በሁለተኛው የጠየቅነው «ክብደታቸውና የፈረስ ጉልበታቸው እኩል የሆኑ ሁለት መኪኖች ቢኖሩ፣ በሲሲ ብቻ መለያየታቸው ለውጥ ያመጣል ወይ?» ነው። እንዲህ ያሉ መኪኖች ደግሞ ዳታው ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። በሲሲና በክብደት መካከል ያለው ኮሪሌሽን 0.89 ነው፤ አንዱ ሲያድግ ሌላውም ያድጋል። ሁለቱ ተጣብቀው ስለሚሄዱ ዳታው የየትኛው ሥራ እንደሆነ ለይቶ መናገር አይችልም። ስታንዳርድ ኤረሩ ያደገው ለዚህ ነው። መልቲኮሊኒያሪቲ የሚሉት ነገር በተግባር ይሄን ይመስላል።

ኢንተርቫሉን እዩት፦ ከ−0.022 እስከ 0.020። በ100 ኪዩቢክ ኢንች ስናስበው፣ ሲሲ በጋሎን 2 ማይል ሊቀንስም 2 ማይል ሊጨምርም ይችላል። ይሄ «ተጽዕኖ የለም» አይባልም። «ከዚህ ዳታ ማወቅ አልቻልንም» ነው የሚባለው። የሁለቱ ልዩነት ሰፊ ነው፣ እባካችሁ ለዩት።

የባሰውን ልንገራችሁ። ዳታው ውስጥ ያሉትን 10 ቫሪያብሎች በሙሉ አንድ ላይ ክተቷቸው። አንዱም ከ0.05 በታች አይወርድም! ዝቅተኛው የክብደት ፒ ነው፣ 0.063። ኮከብ ብቻ የሚያይ ሰው «ከነዚህ ውስጥ ነዳጅ ፍጆታን የሚያስረዳ የለም» ብሎ ይዘጋዋል። ሰንጠረዡ ግርጌ ግን አር ስኩዌር 0.87 ይላል፣ ማለትም ሞዴሉ በመኪኖቹ ፍጆታ መካከል ካለው ልዩነት 87 በመቶውን ያስረዳል፤ ሁሉንም አንድ ላይ የሚፈትነው ኤፍ 13.93፣ ፒውም ከሚሊዮን አንድ የማይሞላ። አንድ ላይ ሆነው በጣም ያስረዳሉ። ለየብቻ ሲጠየቁ ግን እያንዳንዱ «የኔን ሥራ ሌሎቹም ይሠሩታል» ይላል።

አንድ ላይ መጠየቅ ሲያስፈልግ

ስለዚህ ከአንድ በላይ የሆኑ ፓራሜትሮችን አንድ ላይ ለመፈተን ኤፍ ቴስት አለ። አሠራሩ ሁለት ሞዴል ማወዳደር ነው፦ ቫሪያብሎቹ ያሉበትና የሌሉበት። ክብደት ብቻ ያለበት ሞዴል ሳያስረዳ የሚቀረው (የሬዚዱዋል ስኩዌር ድምር) 278.3 ነው። የፈረስ ጉልበትንና ሲሲን ስንጨምር ወደ 195.0 ይወርዳል። 83.3 ቀነሰ። ይሄን ለተጨመሩት 2 ቫሪያብሎች አካፍሉት፣ 41.65። የቀረውን 195.0 ደግሞ ለ28 (32 መኪና ሲቀነስ 4 ፓራሜትር)፣ 6.96። አንዱን ለሌላው ስታካፍሉ 5.98፣ ፒ 0.007። ሁለቱ አንድ ላይ ከክብደት ውጪ የሚጨምሩት ነገር አለ።

ይሄ ቴስት በተለይ የሚያስፈልጋችሁ እንደ ክልል፣ የትምህርት ደረጃ ወይም የጋብቻ ሁኔታ ያሉ ምድቦችን ስታስገቡ ነው። ሶፍትዌሩ ምድቡን ወደ ብዙ ዳሚ (0 ወይም 1 ብቻ የሚይዝ ቫሪያብል) ይበትነዋል፤ የእያንዳንዱ ፒ የሚያወዳድረው መነሻ ካደረጋችሁት ምድብ ጋር ብቻ ነው። መነሻውን ስትቀይሩ ኮከቦቹም ቦታ ይቀይራሉ። «ክልል ለውጥ ያመጣል ወይ?» ለሚለው መልሱ ዳሚዎቹን በሙሉ አንድ ላይ በሚፈትን ቴስት ነው የሚገኘው። ከአራቱ ዳሚ ሁለቱን ጥሎ ሁለቱን ማስቀረት ትክክል አይደለም።

ሰው የሚወድቅባቸው ሌሎች ጉድጓዶች

0.05 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። ሮናልድ ፊሸር በ1925 ለሥራ ይመቻል ብሎ የተጠቀመበት ነው። 0.049 እና 0.051 በማስረጃ ረገድ አንድ ናቸው። በ5 በመቶ መስፈርት 20 የማይረቡ፣ እርስ በርስ የማይገናኙ ነገሮችን ብትፈትኑ ቢያንስ አንዱ ኮከብ የማግኘት ዕድሉ 64 በመቶ ነው። ኮከብ እስኪመጣ ቫሪያብል የሚቀያይር ሰው የሚያገኘው ኮከብ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው።

የናሙና ብዛትም ያታልላል። ናሙናው አራት እጥፍ ሲሆን ስታንዳርድ ኤረሩ በግማሽ ይቀንሳል። አንድ መቶ ሺህ ሰው ያለበት ዳታ ላይ እዚህ ግባ የማይባል ነገር ሁሉ ኮከብ ያገኛል። ስለዚህ ሁልጊዜ ኮፊሸንቱን ራሱን፣ ከነመለኪያው፣ በብርም ይሁን በኪሎ ወይም በዓመት፣ ተመልከቱትና «ይሄ መጠን ለሰው ሕይወት ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላው በጣም የማየው፦ «ሥልጠናው ለወንዶች ሲግኒፊካንት ነው (ፒው ከ0.05 በታች ነው)፣ ለሴቶች አይደለም፣ ስለዚህ ለወንዶች የበለጠ ይሠራል»። አይባልም። ሁለቱን ለየብቻ ፈትናችሁ ፒዎቻቸውን ማወዳደር ልዩነታቸውን መፈተን አይደለም። ሥልጠናን በጾታ አባዝታችሁ ኢንተራክሽን አስገቡና የእሱን ኮፊሸንት ፈትኑ።

ቃለ መጠይቅ ይዛችሁ ገጠር የወጣችሁ ደግሞ ይሄን ስሙኝ። ከ10 ቀበሌ 40፣ 40 ቤተሰብ ወስዳችሁ 400 ሰው አለኝ ካላችሁ፣ ሶፍትዌሩ 400 እርስ በርስ የማይገናኙ ሰዎች እንዳሏችሁ ነው የሚቆጥረው። አንድ ቀበሌ ውስጥ ያሉ ግን አንድ ዝናብ፣ አንድ ገበያ፣ አንድ መንገድ ይጋራሉ። ስታንዳርድ ኤረሩ ከሚገባው በታች ያንሳል፣ ቲው ያብጣል፣ ኮከቡ ይበዛል። በቀበሌ ክላስተር የተደረገ (የአንድ ቀበሌ ሰዎች እንደሚመሳሰሉ ታሳቢ ያደረገ) ስታንዳርድ ኤረር ተጠቀሙ፤ ክላስተሮቹ እንደ 10 ጥቂት ሲሆኑ ደግሞ እሱም ሙሉ በሙሉ አይታመንምና አድቫይዘራችሁን አማክሩ። የሬዚዱዋል (ሞዴሉ ከገመተው የቀረው ልዩነት) ስዕልም ሳታዩ አትለፉ። «ካርስ» ላይ ራሱ ፍጥነት ሲጨምር ነጥቦቹ እየተበተኑ ይሄዳሉ፤ እንዲህ ሲሆን መበታተኑ እኩል አለመሆኑን ታሳቢ የሚያደርገው፣ ሮበስት የሚባለው ስታንዳርድ ኤረር ይሻላል።

ሎጂስቲክ ሪግሬሽን (ውጤቱ አዎ ወይም አይደለም ብቻ ሲሆን የሚሠራው) ለምትሠሩ አነባበቡ ተመሳሳይ ነው፤ በቲ ፈንታ ዚ ወይም ዋልድ ይላችኋል። ኦድስ ሬሾ (ዕድሉ ስንት እጥፍ እንደሚሆን የሚናገር ቁጥር) ካያችሁ ግን ናሉ ዜሮ ሳይሆን 1 ነው፣ ኢንተርቫሉ 1ን ያካትታል ወይ ብላችሁ ነው የምታዩት። ኮፊሸንቱ በጣም ትልቅ ሆኖ ስታንዳርድ ኤረሩም አብሮ ከገዘፈ ዋልድን አትመኑት። ሁለት ሞዴል የሚያወዳድረውን ላይክሊሁድ ሬሾ ቴስት ሥሩ።

ውጤቱን ስትጽፉ

ኤስፒኤስኤስ .000 ብሎ ሲያወጣ እንዳለ አትቅዱት። ፒ ዜሮ አይሆንም፤ «ከ0.001 በታች» ብላችሁ ጻፉ። «ሲግኒፊካንት ነው» ብላችሁም አታቁሙ። ግምቱ ከነመለኪያው፣ ኢንተርቫሉ፣ ከዚያ ፒው፣ በዚህ ቅደም ተከተል ይምጡ። ሞዴሉ ውስጥ ሌላ ምን እንደነበረም ተናገሩ፤ ያለዚያ አንባቢው ጥያቄውን አያውቀውም።

ለምሳሌ የመጀመሪያውን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ፍጥነት በሰዓት በ1 ማይል ሲጨምር የመቆሚያ ርቀት በአማካይ በ3.9 ጫማ ይጨምራል (95 በመቶ ኢንተርቫል ከ3.1 እስከ 4.8፤ ቲ በ48 ዲግሪስ ኦፍ ፍሪደም 9.46፤ ፒ ከ0.001 በታች)።» ሁለተኛውን ደግሞ፦ «ክብደትና የፈረስ ጉልበት እኩል ሲሆኑ የሲሲን የብቻ ድርሻ ከነዚህ 32 መኪኖች መለየት አልተቻለም (ግምት −0.001፤ ኢንተርቫል ከ−0.022 እስከ 0.020፤ ፒ 0.93)፤ ሲሲ ከክብደት ጋር ያለው ኮሪሌሽን 0.89 ነው።» ዲፌንስ ላይ «ታዲያ ሲሲ ምንም አያደርግም ማለት ነው?» ተብላችሁ ብትጠየቁ ሲሲ ብቻውን የገባበትን ሞዴል አውጡና −8.75ን አሳዩ። ከዚያ ሁለቱ ሞዴሎች የጠየቁትን ሁለት የተለያየ ጥያቄ በቃላችሁ አስረዱ።